ድሬዳዋና ሐረር ላይ የአያት የቅድመ አያት ወረቀት ለምትፈልጉ

ሰሞኑን የቤተሰብ ወረቀት ፍለጋ ውስጥ የገባ ሰው በዝቷል፣ አንዱ ለውርስ ነው፣ አንዱ ውጭ ላለ ዘመዱ ፕሮሰስ ነው፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈልጎ ነው። ሁሉም ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ “የዘር ሐረግ መዝገብ የሚባለው የት ነው ያለው?” የትም የለም። መንግሥት እጅ ያለው የድሮ ወረቀት እከሌ የእከሌ ልጅ ነው ለማለት የተጻፈ አይደለም፣ ሰዎቹ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲቀጠሩ፣ ሲካሰሱ፣ ሲወርሱ፣ ቤት ሲያስመዘግቡ የተጻፈ ነው፣ የማን ልጅ መሆናቸው እግረ መንገዱን ነው የገባው። ስለዚህ መዝገብ ቤት ገብታችሁ “የአያቴን ስም ፈልጉልኝ” ብትሉ ሠራተኛው መደርደሪያውን ያሳያችኋል እንጂ ምንም አያገኝላችሁም። “አያቴ በዚህ ዓመት ገደማ እዚህ ሰፈር ይሄ ጉዳይ ነበረው” ስትሉ ነው ነገር የሚንቀሳቀሰው። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የኛ ጉዳይ የእማማ ቤት ነው። እማማ፣ የእናቴ እናት ማለት ነው፣ ካረፈች በኋላ ቤቱን በልጆቿ ስም እናዙር ስንል አንዷ ልጇ፣ አክስቴ፣ ጅቡቲ ሄዳ እዚያው ወልዳ ከእማማ ቀድማ ነው የሞተችው፣ ልጆቿ በእናታቸው ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ፣ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የተከራከረ ሰው የለም። ችግሩ ወረቀቱ ነው። አባባ ከሸዋ በባቡር ሥራ መጥቶ ድሬ ላይ ፍሬን ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ እማማን ለማግባት ሰለመ፣ ስሙም ተቀየረ። እናቴ ትምህርት ቤት ስትገባ በድሮው ስሙ ተመዘገበች፣ አክስቴ ደግሞ ጅቡቲ ስትገባ የሰጠችው የእስልምና ስሙን ነው። በቃ፣ በወረቀት የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ቁጭ አሉ። ቤት ውስጥ የነበረውን የድሮ ወረቀት ደግሞ በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ይዞት ሄዷል፣ ያ ጎርፍ ስንት ሰው እንደበላ የሚያውቅ ሰው ስለ ወረቀት ማዘን ያሳፍረዋል እንጂ፣ ወረቀቱም ሄዷል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ ብዙ ሰው “የልደት ሰርተፍኬት አውጣ” ሲባል የሆነ ቦታ የአያቱ ልደት ተጽፎ የተቀመጠ ይመስለዋል። አልተጻፈም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበትን ሥርዓት በዝርዝር አስቀምጦ ነበር፣ ግን መጨረሻ አካባቢ አንቀጽ 3361 ላይ ይሄ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሠራም ይላል፣ ትእዛዙም ሳይወጣ ዘመን አለፈ። አዲሱ የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ክረምት መጨረሻ ላይ። አሁን ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በፊት ለተወለድን ሰዎች ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ነገር በአብዛኛው እኛው ወይ ምስክሮቻችን የተናገርነው ነው፣ ማዘጋጃ ቤት በየጊዜው ሲጠየቅ የሰጠው ወረቀትም እንደዚያው። ይሄን የምለው ሰርተፍኬት አይጠቅምም ለማለት አይደለም፣ ይጠቅማል፣ ግን ወደ ኋላ አይወስዳችሁም፣ ወደ ኋላ መሄድ የፈለገ ሰው ሌላ ወረቀት ነው መፈለግ ያለበት።

“ፋይዳ አለኝ እኮ” የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። ፋይዳ አንተ አንተ መሆንህን ነው የሚያውቀው፣ ስምህን፣ የትውልድ ቀንህን፣ ጾታህን፣ አድራሻህን፣ ጣትህንና ዓይንህን። አያትህ ማን እንደሆነ ከየት ያውቀዋል።

ከቀበሌ ጀምሩ። ቀበሌ የመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረስ ነው፣ ስለዚህ የቀበሌ ፋይል ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የሚነግራችሁ፣ ግን የነገራችሁ እንደሆነ በደንብ ነው፣ ምክንያቱም የቤተሰብ ቅጹ ላይ የቤቱ ኃላፊ፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ ጭምር ከነዕድሜው ይሰፍራል። ድሬ ላይ ያለው ፈተና የቀበሌ ቁጥር ነው። የድሮዎቹ ቀበሌዎች ተጨፍልቀው አሁን የከተማው ቀበሌ 9 ብቻ ነው የሆኑት፣ የድሮ ቤት ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው አዲሱ ቀበሌ ላይ “እንዲህ የሚባል ቤት የለንም” ይባላል፣ ቤቱ አለ፣ ቁጥሩ ነው የሞተው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከድሮ የመብራት ወይ የውሃ ቢል፣ ከቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ ከእድር ደብተር ላይ የድሮውን ቀበሌና የቤት ቁጥር ፈልጉ። እድር ደብተር በተለይ አትናቁ፣ የኛ ሰፈር እድር ጸሐፊ ቀበሌው ያላስቀመጠውን አስቀምጦ ነው የጠበቀን፣ ማን በየትኛው ዓመት ሞቶ ለማን ገንዘብ እንደተከፈለ ሁሉ ተጽፏል። ሰው ሲሞት እድር ገንዘቡን ለሚገባው ነው የሚሰጠው፣ በገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ማንም ስም አይሳሳትም።

ቀበሌው ላይ የእማማ ቅጽ ተገኘ፣ አክስቴም ልጅ ተብላ አለችበት፣ በአባባ የድሮ ስም። ይሄ ግማሹ ነው። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ያውም ሁለቱንም ስም ያየ።

እዚህ ላይ ነው ሸሚንደፈር፣ የድሮው ባቡር ማለት ነው፣ የመጣው። ድሬ ያለባቡር የለችም፣ መስመሩ ሐረር እንዳይሄድ ተራራው አስቸግሮ በ1895 እዚህ ግርጌ ላይ ቆመ፣ ከተማውም በዙሪያው በቀለ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ከአራት አያቶቹ አንዱ ባቡር ላይ ያልሠራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የፈረንሳዩ ኩባንያ ደግሞ ወረቀት ይወድ ነበር፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማትሪኩል የሚሉት ቁጥር አለው፣ ደሞዝም፣ ቅጣትም፣ ሕክምናም፣ ጡረታም በዚያ ቁጥር ነው የሚሄደው። የኔ ምክር፣ የቤተሰባችሁ ሰው ባቡር ላይ ሠርቶ ከሆነ ከስሙ በፊት ማትሪኩሉን ፈልጉ። የጡረታ ደብተር ላይ አለ፣ የድሮ የባቡር ነጻ ትኬት ላይ አለ፣ አንዳንዱ ሰው ከአባቱ መሣሪያ ሳጥን ላይ ተቀርጾ ያገኘው አለ። እኛ ያገኘነው ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ከቀረ የጡረታ ቁራጭ ላይ ነው።

በማትሪኩሉ የተገኘውን የአባባን የሠራተኛ ካርድ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ለረጅም ጊዜ አላነበብኩትም፣ ዝም ብዬ አየሁት። ወፍራም ቢጫ ካርቶን ነው፣ አንድ ጥጉን ምስጥ በልቶታል። ከላይ ስም በታይፕ፣ ከስር የትውልድ ቦታ፣ የተቀጠረበት ቀን፣ የሥራ ዓይነት፣ ከዚያ ጀርባው ላይ በወይን ጠጅ ቀለም በእጅ የተጻፈ ነገር አለ፣ ሚስት፣ ልጆች ከነተወለዱበት ዓመት፣ ለሕክምናና ለአበል ይመስለኛል። ልጆቹ ተራ በተራ ነው የተጨመሩት፣ የእያንዳንዱ ቀለም ይለያያል፣ የአክስቴ ስም ላይ ብዕሩ ቀለም ፈሶበት ሰው በጣቱ የጠረገው ይመስላል። ስሙ ግን የድሮው ብቻ ነው፣ ሰለመ ተብሎ ማንም ካርድ አልቀየረለትም። ሚስት የሚለው ቦታ ላይ የእማማ ስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር በሙሉ ተጽፏል፣ ይሄ ነው ኋላ ያዳነን።

ስም አጻጻፍ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካርዶቹ በፈረንሳይ ፊደል ተራ ነው የተደረደሩት፣ ጸሐፊዎቹ ደግሞ የሰሙትን በፈረንሳይኛ ጆሮ ነው የጻፉት። ወ ድምፅን ብዙ ጊዜ በኦ እና በዩ ይጀምሩታል፣ ስለዚህ ወልደ የሚል ስም በደብሊው ስር ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ኦ ስር ነው ያለው። ሸ በሲ ኤች፣ ቸ በቲ ሲ ኤች፣ ጀ በዲ ጄ ነው። ኃይለ የሚለው ደግሞ በኤችም ያለኤችም አለ። “አቶ” የሚለውን እንደ ስም ቆጥሮ በኤ ስር የከተተም ጸሐፊ አይጠፋም። በአንድ ቀን የለም ብላችሁ አትመለሱ፣ ሦስት አራት አጻጻፍ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ቀኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የኩባንያው ካርድ በፈረንጅ ነው፣ ቀበሌው በኛ ነው፣ የሸሪዓው ደግሞ በሂጅራ፣ በእስልምናው አቆጣጠር ማለት ነው። የፈረንጁን ወደኛ ለማምጣት ከጃንዋሪ እስከ መስከረም ዋዜማ ከሆነ 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ቀንሱ፣ ካርዱ ላይ ማርች 1951 ካለ መጋቢት 1943 አካባቢ ነው ማለት ነው። ሂጅራው ግን በመቀነስ አይሆንም፣ ዓመቱ 354 ወይ 355 ቀን ስለሆነ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ይገፋል፣ 1370 ሂጅራ ለምሳሌ ከኛ 1943 ጋር በአብዛኛው ይገጥማል፣ ከዚያ ራቅ ስትሉ ግን ልዩነቱ ይቀየራል። ስልክ ላይ የሚቀይር አፕ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ዋናው ነገር ወረቀቶቹን ስታስገቡ ዋናውን ቀን አትሰርዙ፣ የተቀየረውን ከጎኑ ጻፉ፣ ካለበለዚያ ዳኛው ፊት ሦስት የተለያየ ልደት ያለው ሰው ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

ሐረር የሄድነው ለኒካሁ፣ ለእስልምናው የጋብቻ መዝገብ ማለት ነው። እማማ የጀጎል ልጅ ነች፣ ኒካሁም እዚያው ነው የታሰረው ይባል ነበር። እስልምና ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ዘር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን መዝገብ መፈለግ አለበት፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በሸሪዓ ውርስ ሲከፈል ለማን ስንት እንደሚደርስ ለማስላት ወራሹ በሙሉ መቆጠር አለበት፣ ሚስት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ከሌሉ ወንድም፣ የወንድም ልጅ እያለ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ የውርስ ውሳኔ ሦስት ትውልድ በአንድ ገጽ ይሰጣችኋል። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በመንግሥት ሕግ የታወቁት በንጉሡ ጊዜ ነው፣ የፌዴራሎቹ አሁን የሚሠሩበት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው፣ ሐረር ያሉት የክልሉ ናቸው፣ ድሬ ያለው ሌላ ነው፣ ጉዳዩ የት እንደታየ ሳታጣሩ ከአንዱ ወደ አንዱ አትመላለሱ። የቆየው መዝገብ በዐረብኛ ነው፣ እዚያ ያሉት ሽማግሌ ጣታቸውን እያስኬዱ እያነበቡ “ሙስጠፋ፣ ሙስጠፋ... ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም” ሲሉ ቆይተው የእማማን አባት ስም ሲያገኙ ከኔ በላይ እሳቸው ደስ አላቸው፣ አቦ አላህ ይስጣቸው። መዝገቡ ላይ ሙሽራው በእስልምና ስሙ ነው የገባው፣ ከሥሩ ግን “የባቡር ሠራተኛ፣ በቅርቡ የሰለመ” የሚል ማስታወሻ አለ፣ ሙሽሪት ደግሞ እስከ አያቷ ድረስ። የባቡሩ ካርድ ሚስት ብሎ የጻፋት ሴትዮና የኒካሁ ሙሽሪት እስከ አያቷ አንድ ናቸው። ሁለቱን ወረቀት ያገናኘችው እሷ ነች፣ ወንዱን በወንዱ ስም ብንፈልግ እስከ ዛሬ እንፈልግ ነበር። ስለዚህ ወንዱ ሲጠፋባችሁ በሴቷ በኩል ሂዱ፣ በኛ አገር ሴት አግብታ ስም አትቀይርም፣ የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትሞተው፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ያላችሁ የክርስትና ስምን አትርሱ፣ የደብሩ መዝገብ ላይ የሚገኘው በክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያስታውሰው ሰው አንዲት አሮጊት አክስት ብቻ ትሆናለች፣ ሳትሞት ጠይቋት። ካቶሊኮቹ ጋ ደግሞ የድሮው የጥምቀት መዝገብ በላቲን ነው፣ ጴጥሮስ ፔትሩስ ሆኖ ነው የሚመጣው። እነዚህ የመንግሥት አይደሉም፣ የሚሰጧችሁ በበጎ ፈቃድ ነው፣ በትሕትና ሂዱ።

የመንግሥቱ ግን በጎ ፈቃድ አይደለም፣ መብት ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ “ይሄ ለውጭ ሰው አይታይም፣ ከበላይ ደብዳቤ አምጡ” ብሎ ሲያመላልሰን አንድ የሰፈራችን ጠበቃ “በቃል አትከራከሩ፣ በጽሑፍ ጠይቁ” አለን። የመረጃ ነጻነት ሕጉ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው ያለው፣ የሚዲያው ክፍል በኋላ በሌላ አዋጅ ቢተካም የመረጃው ክፍል አለ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ካልተስማማችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚፈራው “የግል መረጃ ነው” ብሎ ነው፣ ልክ ነው፣ ሕጉ የግል መረጃን ይጠብቃል፣ ግን እዚያው ትርጉሙ ውስጥ ከሞተ 20 ዓመት ያለፈው ሰው መረጃ ከግል መረጃ ውጭ ነው ተብሏል። አባባ ከሞተ ከዚያ በላይ ሆኖታል። ይሄን አንቀጽ ጠቅሰን የሞተበትን ዓመት ከእድሩ ወረቀት ጋር አያይዘን ስናስገባ፣ ያ ሰው ድምፁ ተቀየረ፣ ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፣ ነገ እንዳይጠየቅበት የሚይዘው ወረቀት ነው የፈለገው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ የምትፈልጉት ሰነድ ምን ዓይነት እንደሆነ (መዝገብ፣ ካርድ፣ የቤተሰብ ቅጽ)፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ የትኛው የድሮ ቀበሌ ወይ ክፍል፣ ያላችሁን ቁጥር ሁሉ፣ የምትፈልጉት ማየት ነው ወይስ ኮፒ፣ የኮፒ ወጪ እንደምትችሉ። የቤተሰብ ታሪክ ሙሉውን አትጻፉ፣ የኔ አጎት ሁለት ገጽ ጽፎ ነበር ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ፣ ማን ያነበዋል። በሁለት ኮፒ አስገቡ፣ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አስደርጉ፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፣ የግልባጭ ማመልከቻ ነው የሚገባው፣ የመዝገብ ቁጥር ከሌላችሁ የተከራካሪዎቹን ስምና ዓመቱን ይዛችሁ የመዝገብ ቤቱን የድሮ ደብተር እንዲያዩላችሁ ለምኑ።

አሁን ስለ ዲጂታሉ። ሁሉም ቦታ “ሲስተም እየገባ ነው፣ ዲጂታል እየሆነ ነው” ይባላል፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ቦታ ያሳዩኝን ልንገራችሁ። የድሮ ፋይል ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፣ ፎልደሩን ሲከፍቱት የፋይሎቹ ስም ስካን 0001፣ ስካን 0002 እያለ ይሄዳል፣ የሰው ስም የለ፣ ዓመት የለ፣ የመዝገብ ቁጥር የለ። ወረቀቱስ ቢያንስ በዓመት ታስሮ ነበር። ኮምፒውተሩን የሚያውቀው ልጅ የድሮውን መዝገብ አያውቅም፣ መዝገቡን የሚያውቁት ሰውዬ ኮምፒውተሩን አይነኩም። ስካን ማድረግ ቀላሉ ሥራ ነው፣ ከባዱ ለእያንዳንዱ ገጽ ስም ከነአባት ከነአያት፣ ዓመት፣ ቦታና ቁጥር የሚጽፍ ሰው ማስቀመጥ ነው። በጀት የሚይዝ ሰው ይሄን ካነበበ፣ እባክህ ሌላ ስካነር አትግዛ፣ ሁለት ጡረታ የወጡ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ቅጠር፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ አንድ ሰው ጨምር። ወረቀቱ በድሬ ሙቀትና በምስጥ መሃል ብዙ ጊዜ የለውም፣ እነዚያ ሽማግሌዎችም እንደዚያው።

በሌላ በኩል ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ይለቀቅ የሚሉ ልጆች አሉ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የድሮ የቀበሌ ቅጾች ላይ “ብሔር” የሚል ሳጥን አለ። በዚህ ዘመን ማን የማን ዘር እንደሆነ፣ የትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ለማንም ስልክ መክፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ድሬ ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ከተማ ላይ ባለፉት ዓመታት ያየነው ይበቃናል። የኔ ሐሳብ፣ የሞቱት ሰዎች ስም ማውጫው ይከፈት፣ የት መሥሪያ ቤት የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሰው ከቤቱ ሆኖ ይወቅ፣ ገጹ ራሱ ግን ሲጠየቅ ይታይ፣ በሕይወት ያለ ሰው ገጽ ደግሞ ይዘጋ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሁለቱን ሕግ አስማምቶ መሥራት ይቻላል፣ ፋይዳም ብሔር ሳይጠይቅ ነው የተሠራው፣ የማይቻል ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍት ፎቶ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነስቶ ዛሬ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል፣ ሥራው የተጠቀመው ካታሎግ ስለተሠራለት ነው፣ በነገራችን ላይ የገዳም መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና የቤተሰብ ማስታወሻ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ ከሰሜን ለመጣ ቤተሰብ ይጠቅማል።

እናንተ ግን መንግሥት እስኪጨርስ አትጠብቁ፣ ያገኛችሁትን በስልካችሁ አንሱት፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ማለት ነው፣ ሳይጠይቁ ማንሳት ለቀጣዩ ሰው በሩን ያዘጋል። መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ የወይን ጠጅ ቀለም በፍላሽ ይጠፋል። መጀመሪያ የመዝገቡን ሽፋን፣ ከዚያ የገጹን ቁጥር፣ ከዚያ ገጹን በሙሉ፣ መጨረሻ መስመሩን ቀረብ አድርጋችሁ። መስመሩን ብቻ ያነሳ ሰው በኋላ ከየት እንዳመጣው ማስረዳት አይችልም። ቤት ስትገቡ የፋይሉን ስም ቀይሩት፣ ዓመት፣ መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ገጽ። ለሁለት ዘመድ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ወረቀት ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ሰው አለ። ድሬ ውስጥ የኢሳ ልጅ ወይ የኦሮሞ ሽማግሌ አባት ከአባት እየቆጠረ እስከ ጎሳው መነሻ ድረስ ይወስዳችኋል፣ እኛ የከተማ ልጆች ነን ሦስተኛው ላይ የምንቆመው። ቅዱት፣ ቀኑንና ቦታውን መጀመሪያ ላይ በድምፅ ተናገሩ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግሙት። ይሄ ለወግ ብቻ አይደለም፣ ድሬ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፣ የልደት ሰርተፍኬት ከሌለ በቤተሰቡና በኅብረተሰቡ ዘንድ እንደ ልጅ ተቆጥሮ መኖር ራሱ ማስረጃ ይሆናል፣ በምስክር ይረጋገጣል። እኛም ከካርዱና ከኒካሁ ጋር አባባን የሚያውቁ ሁለት የባቡር ጡረተኞች አቅርበናል፣ አንደኛው ዳኛው ፊት ግማሹን በፈረንሳይኛ ነው የመለሰው።

የጅቡቲው በኩል ያለባችሁ ሰዎች፣ አገሩ ሦስት ስም እንደነበረው አስታውሱ፣ በፈረንጅ እስከ 1967 የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከዚያ የአፋርና የኢሳ ግዛት፣ ከጁን 1977 ወዲህ ጅቡቲ። አክስቴ የገባችው በሁለተኛው ጊዜ ነው፣ ወረቀቷ ላይ ጅቡቲ ሪፐብሊክ የሚል የለም፣ ይሄን ያላወቀ ሠራተኛ የሌላ አገር ሰነድ ነው ሊላችሁ ይችላል። ግሪክ፣ አርመን ወይ ፈረንሳይ ቅድመ አያት ያላችሁ ደግሞ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ አይደላችሁም፣ የየአገሩ ቆንስላ መዝገብ ይጠየቃል፣ የፈረንሳይ ኤምባሲና ቆንስላ የድሮ ፋይሎች ናንት ከተማ በዲፕሎማሲ ቤተ መዛግብቱ ነው የሚቀመጡት፣ በኢሜይል ይመልሳሉ።

የጅቡቲውን ሰነድ ወደ አማርኛ ስታስተረጉሙ ደግሞ ስሙን ለተርጓሚው ብቻ አትተዉት። ተርጓሚው ያየውን ፊደል ነው የሚያነበው፣ የአክስቴን አባት ስም መጀመሪያ ያመጣልን በሌላ ሰው ስም ነበር ማለት ይቻላል፣ በዚያ ብናስገባ ሦስተኛ አባት ሊመጣብን ነበር። የኒካሁን መዝገብ ኮፒ ሰጥተነው ስሙ እዚያ ላይ እንዳለው በአማርኛ ተጻፈ፣ የፈረንሳይኛው አጻጻፍ ደግሞ ከጎኑ በቅንፍ እንዲቀመጥ አደረግን። ይሄን ከማኅተሙ በፊት ነው ማድረግ ያለባችሁ፣ ከማኅተም በኋላ አንድ ፊደል ማስተካከል እንደ አዲስ ማሠራት ነው፣ ክፍያውም እንደ አዲስ።